«እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ» ሲባል አትጠይቁ ማለት ነውን?

ጥያቄውን ያቀረቡልን እኅት በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ዛሬ በሂሳብ ሙያ የሚተዳደሩ ናቸው። እናታቸው በጠና በታመሙበት ወቅት ለወራት ጸልየዋል፣ ጠበል አመላልሰዋል፣ ስእለት ተስለዋል፤ እናታቸው ግን ዐረፉ። ከቀብሩ በኋላ አንድ አገልጋይ «እንደ ሕፃን ሳትጠራጠሪ ብታምኚ ኖሮ እናትሽ በዳነች ነበር» እንዳላቸውና ቃሉ እስከ ዛሬ ከውስጣቸው እንዳልወጣ ጽፈዋል። አባታቸው በቤት ውስጥ የሚደበድቡ ሰው ስለነበሩም «አባታችን ሆይ» ብሎ ጸሎት መጀመር እንደሚከብዳቸው ገልጸዋል። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ጌታ እንደ ሕፃናት ሁኑ ሲል አትጠይቁ፣ አትመርምሩ ማለቱ ነውን? እንደ እርሳቸው ያለ ሰውስ በምን ዓይነት ልብ ወደ እግዚአብሔር ሊቀርብ ይችላል? ልባቸው እስኪረጋ ድረስ ከቅዱስ ቁርባን መራቅ ይገባቸው እንደሆነም በመጨረሻ ጠይቀዋል።

እኅታችን፣ የእናትዎን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን። በጠየቁት ቅደም ተከተል መመለስ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ያ አገልጋይ የተናገረዎት ቃል እስካልተነሣ ድረስ ሌላው ማብራሪያ ሁሉ ወደ ልብ የሚገባ ስለማይመስለኝ ከእርሱ እጀምራለሁ። ቃሉ ስሕተት ነው፤ ያውም ለሐዘንተኛ በማይገባ ሰዓት ከመነገሩ በተጨማሪ ከወንጌሉ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ስሕተት ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ከሕፃንነቱ ጀምሮ በክፉ መንፈስ የሚሠቃይ ልጅ የነበረው አንድ አባት እናገኛለን። ይህ ሰው ወደ ጌታ የቀረበው በሙሉ እምነት አልነበረም፤ «ቢቻልህ እዘንልን፣ እርዳንም» ነበር ያለው። ጌታ ስለ እምነት በመለሰለት ጊዜም ጥርጣሬውን ሸሽጎ አልቆመም፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ እየጮኸ ያለውንም የጎደለውንም አንድ ላይ ከፊቱ አኖረ። ልጁም ተፈወሰ። በአንጻሩ ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ ይለየው ዘንድ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ ጳውሎስን እምነት የጎደለው ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ሰው ደግሞ ያለ አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «አባ አባት ሆይ፥ ሁሉ ይቻልሃል፤ ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ብሎ ጸለየ፤ ጽዋው ግን አልተወሰደም። የተለመነው ነገር ካልተፈጸመ ምክንያቱ የለማኙ ጥርጣሬ ነው የሚለው ትምህርት ጌቴሴማኒ ላይ ሲደርስ መቆሚያ ያጣል። ስለዚህ እናትዎ ያረፉት እርስዎ በበቂ ሁኔታ ስላላመኑ አይደለም፤ ይህን ሸክም የጫነብዎ ወንጌሉ ስላልሆነ ያለ ፍርሃት ሊጥሉት ይችላሉ።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ካልተመለሳችሁ እንደ ሕፃናትም ካልሆናችሁ፥ ወደ መንግሥተ ሰማያት ከቶ አትገቡም» የሚለው ቃል የተነገረው ጥያቄ ለሚያበዙ ሰዎች አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ቅፍርናሆም ሲመጡ በመንገድ ላይ ከእነርሱ ማን እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ነበር፤ ጌታም ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆመው ለዚያ ክርክር መልስ እንዲሆን ነው። የሚመለሱትም ከዚያ የማዕረግ ፉክክር ነው። ይህን ዐውድ ለቀን ቃሉን ብቻውን ስናነብ ሕፃኑን የንጽሕና፣ የየዋህነት፣ አንዳንድ ጊዜም የአለማወቅ ምልክት እናደርገዋለን። ሕፃናት ንጹሓን ናቸው የሚለው ትርጓሜ በአባቶችም ዘንድ ያለና የሚከበር ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሕፃን ይቀናል፣ ይቆጣል፣ የሌላውን ይነጥቃል። በዚያ ክርክር መካከል የቆመው ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚያሳየው ምንም ማዕረግ የሌለውን፣ ይገባኛል ብሎ የሚያቀርበው ምንም ነገር የሌለውን ሰው ነው።

በዚያ ዘመን ሕፃን ምን ያህል ዋስትና የሌለው ፍጡር እንደነበረ ለመረዳት ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ከወጡት የጥንት ደብዳቤዎች አንዱን መጥቀስ ይበቃል። ሂላሪዮን የሚባል ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት ከእስክንድርያ ሆኖ አሊስ ለተባለች ሚስቱ ይጽፋል። ስለ ትንሹ ልጃቸው አደራ ይላታል፤ ደመወዝ እንደተቀበለ ገንዘብ እንደሚልክላት ይነግራታል፤ ቀጥሎም ወንድ ከወለድሽ ይኑር፣ ሴት ከሆነች ግን ጣያት ይላታል። ደብዳቤው የጨካኝ ሰው ደብዳቤ አይመስልም፤ አስደንጋጭ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ነገሩ የተጻፈው እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ ነው። አይሁድ በበኩላቸው ሕፃን መጣልን ይጸየፉ ነበር፤ ነገር ግን በእነርሱም ዘንድ ቢሆን ሕፃን መምህር ፊት ቀርቦ ጊዜ የሚሻማ ሰው አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች የገሠጹት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ማርቆስ በምዕራፍ 10 እንደጻፈው ግን ጌታ በደቀ መዛሙርቱ ተቆጣ፤ ሕፃናቱንም አቀፋቸው፣ እጁንም ጭኖ ባረካቸው። ሕፃናቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያደረጉት አንዳች ነገር የለም። መጡ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሌሎች አመጧቸው።

በዚያው ምዕራፍ ወዲያው የሚከተለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተለይቶ ስለሚነበብ ግንኙነቱ ያመልጠናል። ሕፃናቱ ተባርከው ሲሄዱ አንድ ሰው እየሮጠ ይመጣል፣ ይንበረከካል፣ «የዘላለም ሕይወትን እወርስ ዘንድ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ትእዛዛቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠብቋል፤ ንብረቱም ብዙ ነው። ይህ ሰው እያዘነ የሄደው ስለ ጠየቀ አይደለም፤ ማርቆስ እንዲያውም ጌታ ወደ እርሱ ተመልክቶ እንደ ወደደው ይነግረናል። ያዘነው በእጁ የያዘውን መልቀቅ ስላቃተው ነው። በባዶ እጃቸው የመጡት ሕፃናትና እጁ ሞልቶ የመጣው ባለጸጋ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ከማስተማር አልፋ ታደርገዋለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ በዚያው ዕለትም ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ሕፃኑን ታቅፋ የምትቀርበውን እናት ልብ ብለው ተመልክተው እንደሆነ፣ ሕፃኑ አንዳንድ ጊዜ ተኝቷል፣ አንዳንድ ጊዜም በዕጣኑና በሰው ብዛት ተረብሾ አምርሮ ያለቅሳል፤ ነጠላው ይገለጥና ዲያቆኑ ዕርፈ መስቀል በሚባለው የቁርባን ማንኪያ ደሙን ያቀምሰዋል። ጸሎተ ሃይማኖት ማለት አይችልም፣ መዘጋጀቱን የሚገልጽ አንደበት የለውም። ስለ ሕፃን እምነት ከተጻፈው ይልቅ ይህ ሥርዓት የበለጠ የሚያስረዳ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ገና ምንም ሳያበረክት እንዴት እንደሚቀበል በዓይን ያሳያልና።

አትጠይቁ ማለት ነውን ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በአእምሮ ሕፃናት አትሁኑ፤ ለክፋት ነገር ሕፃናት ሁኑ እንጂ በአእምሮ የበሰሉ ሁኑ» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እመቤታችን መልአኩን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠይቃለች። ጌታ ራሱ በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እንደ ተገኘ ሉቃስ ጽፏል። ከዚህ ሌላ፣ በአንድ ጥቅስ ላይ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ሲደራርብ የኖረ የመጻሕፍት ጉባኤ ያላት ቤተ ክርስቲያን መጠየቅን ኃጢአት ልታደርግ አትችልም። አትጠይቅ የሚል ሰው ሲያጋጥመን መመርመር የሚገባን ያ ሰው እግዚአብሔርን እንድናምን እየጠየቀን ነው ወይስ ራሱን እንድናምን የሚለውን ነው። ሕፃንነት የታዘዘልን ወደ እግዚአብሔር እንጂ በስሙ ለሚናገር ሰው ሁሉ አይደለም፤ ስለ ሕፃናት ያስተማረው ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ብሏል፤ በማቴዎስ 18 ደግሞ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው ተናግሯል። ይህ ማስጠንቀቂያ እኛን አስተማሪዎችን የሚመለከት ስለሆነ በፍርሃት የማነበው ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄዎ የመረጃ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ከጽሑፍዎ ይታየኛል። ለመንሁ፣ አልተሰጠኝም፣ ከዚህ በኋላ እንዴት ልታመን ነው የሚሉት። ለዚህ በግእዙ ዳዊት 130ኛው፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 131ኛው መዝሙር ላይ ጥቂት እንድንቆይ እወዳለሁ። መዝሙሩ በጣም አጭር ነው። ዘማሪው ልቤ አልታበየም፣ ከእኔ በሚበልጥ ነገር አልተመላለስኩም ካለ በኋላ ነፍሱን ጡት እንዳስጣሉት ልጅ ዝም እንዳሰኛት ይናገራል። ልብ ይበሉ፤ የሚጠባ ሕፃን አላለም፣ ጡት የጣለ ልጅ እንጂ። የሚጠባ ሕፃን የሚረጋው ስለሚሰጠው ነው። ጡት የጣለው ግን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ታላቅ ክልከላ ያለፈ ልጅ ነው።

በአገራችን እናት ልጇን ጡት ለማስጣል የጡቷን ጫፍ እሬት ትቀባለች። ልጁ እንደ ለመደው ተንደርድሮ ሲመጣ ምላሱ ላይ የሚያርፈው መራራ ነገር ነው። ፊቱን ያኮማትራል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ከዚያ እየጮኸ በትንሽ እጁ ደረቷን ይመታል። ምክንያቱን ሊነግሩት ቢሞክሩም የሚገባው ነገር የለም። ነገር ግን ለቅሶውን ይዞ ወደ ሌላ አይሄድም፤ አልቅሶ አልቅሶ እንቅልፍ የሚጥለው በዚያችው በከለከለችው እናቱ ጭን ላይ ነው። ውሎ አድሮም ጡት ሳይፈልግ ታቅፎ መቀመጥን ይለምዳል። ዘማሪው «ዝም አሰኘኋት» ያለውን ነፍስ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ጸጥታዋ ከለቅሶ በኋላ የመጣ ጸጥታ ነው።

ይህን ስል እግዚአብሔር ሊያስተምርዎ ብሎ እናትዎን ወሰደ እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ ለማለት የሚያስችል ዕውቀት ለማንም አልተሰጠም። ምሳሌው ስለ ልጁ እንጂ ስለ እሬቱ አይናገርም። እርስዎ ከሐዘንዎ በኋላ ጸሎት እንደከበደዎት፣ አንዳንድ ሌሊት ግን እግዚአብሔርን እየወቀሱ እንደሚያነጉ ጽፈዋል፤ ይህንንም እንደ እምነት ማጣት ቆጥረውታል። እኔ እንዲያ አልቆጥረውም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ቃል የዳዊት መዝሙር ነው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ዳዊት ሲያደርሱ ይደግሙታል። ኢዮብ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነበር፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው። የእግዚአብሔርን ፍርድ ሲከላከሉ የነበሩት እነዚያ ወዳጆች መሆናቸውን ሳስብ ሐዘንተኛን ለመምከር የሚቸኩል አንደበቴን እይዛለሁ።

ስለ ሕፃን እምነት ሲነሣ የሕፃኑ ቂርቆስ ታሪክ ትዝ የማይለው የእኛ ሰው ጥቂት ነው። የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ በስንክሳሩ እንደተጻፈው የ3 ዓመቱ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሚፈላ ጋን አጠገብ በቆሙ ጊዜ እናቲቱ ፈራች፤ ያበረታታትም የጸለየላትም ሕፃኑ ነበር። ቅዱስ ገብርኤል ያዳናቸውን በየዓመቱ ሐምሌ 19 እናከብራለን። ብዙ ሰባክያን ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ስንክሳሩ ግን አያቆምም። ጥር 15 ቀን ቂርቆስ በሰማዕትነት ማረፉን ይነግረናል። ከጋኑ ያዳነው እግዚአብሔር ከሰይፉ አላስቀረውም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱንም ቀናት በበዓል ታስባለች። መታመን ማለት የምንፈልገው እንዲሆን ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል ቢሆን ኖሮ ጥር 15 የሐዘን ቀን በሆነ ነበር። ኢየሉጣም ስለ ፈራች አልተነቀፈችም፤ ስሟ ከልጇ ጋር እኩል ይጠራል።

አባትዎን በተመለከተ የጻፉትን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። «አባታችን ሆይ» ለማለት መቸገርዎ ሊያሳፍርዎት አይገባም፤ ቃሉ ሲጠራ በልብ የሚመጣው መጀመሪያ በቤት ያየነው ሰው ነውና። ጌታችን ስለ ምድር አባቶች ሲናገር ግን እንደማይሸነግላቸው ልብ ይበሉ። ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይን የሚሰጠው ማን ነው ካለ በኋላ «እናንተ ክፉዎች ስትሆኑ» ብሎ ነው ንጽጽሩን የሚያደርገው። የሰማዩን አባት ከምድራዊው አባት አንሥተን እንድንስል አላዘዘንም፤ ምድራዊው አባት ምን መሆን ይገባው እንደነበረ የምናውቀው ከሰማዩ ነው። ልጅን መደብደብ ስሕተት እንደሆነ አጥብቀው ማወቅዎ ራሱ ከዚህ ከሰማዩ መለኪያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም የደረሰብዎትን አልደረሰም እንዲሉ አያስገድድዎትም።

መጽሐፍ ቅዱስ ለእንደዚህ ያለ ሰው ሌላ በር ከፍቷል። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» የሚለው የዳዊት ቃል አለ። በኢሳይያስም እግዚአብሔር ራሱን ከእናት ጋር ያነጻጽራል፤ ሴት ሕፃንዋን ትረሳ ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሽም ይላል፤ እናቱ እንደምታጽናናው እንዲሁ አጽናናችኋለሁም ይላል። እርስዎ ደግሞ እናትዎ እንዴት ያለች ሴት እንደነበረች በአራት መስመር ጽፈውልኛል። ከዚያ ይጀምሩ። ከእርሷ ያገኙት ርኅራኄ ከየት የመጣ እንደሆነ እያሰቡ ወደ ምንጩ ቢሄዱ «አባታችን» የሚለው ቃል በጊዜው ሌላ ፊት ያገኛል። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ በእኛ ዘንድ አባት ከባድ የሆነበት ሰው ወደ እመቤታችን ምልጃ አዘውትሮ መሄዱ የተለመደና መልካም ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ ርኅሩኅ፣ ልጇ ግን ጨካኝ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ የእርሷንም ትምህርት መሳት ነው። በቃና ዘገሊላ «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» ብላ ወደ ልጇ ነው የላከቻቸው።

በተግባር እንዴት ልጸልይ ላሉት ብዙ ነገር አልጨምርብዎትም። የጥንቱን የግብፅ መነኩሴ አባ መቃርስን እንዴት መጸለይ እንደሚገባ ጠይቀውት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ እጅን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ እንደ ወደድህና እንደምታውቀው ማረኝ» ማለት ይበቃል፤ ፈተና ቢጸና ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» በሉ ብሎ እንደ መለሰ ተጽፏል። አሁን ሙሉ ውዳሴ ማርያምና ሙሉ ዳዊት ማድረስ ካቃተዎ ይህቺን ይያዙ። አቡነ ዘበሰማያትን ሲያደርሱም የመጀመሪያው ቃል ቢያሳምምዎ ሕመሙን ሳይደብቁ ያድርሱት፤ የሚሰማው አስቀድሞ ያውቀዋል። የጌቴሴማኒውን ጸሎት ቅደም ተከተል ደግሞ ያስተውሉ፦ ጌታ መጀመሪያ የሚፈልገውን በግልጽ ተናገረ፣ «አንተ የምትወደው እንጂ እኔ የምወደው አይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን የፊተኛውን ዘለን ወደ ሁለተኛው እንቸኩላለን፤ ከዚያም ያልተናገርነው ምኞት ውስጣችን ገብቶ ቂም ይሆናል። የሚፈልጉትን ይናገሩ፤ የተናደዱበትንም ይናገሩ፤ መተዉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ባይመጣም ነገ ደግመው ይናገሩት።

ከቁርባን መራቅን በተመለከተ፣ እምነቴ እስኪሞላ ልቆይ ማለት እጄ እስኪሞላ ልቆይ ማለት ስለሆነ ከላይ ካየነው ጋር አይሄድም። ይሁን እንጂ ይህ በጽሑፍ የሚወሰን ስላልሆነ ለንስሐ አባትዎ ቀርበው በምክራቸው ቢያደርጉት ይገባል። ንስሐ አባትዎ ሩቅ ከሆኑ በስልክ ቀጠሮ ይያዙ፤ ሲነጋገሩም ስለ አባትዎ የጻፉልኝን ክፍልና ከቀብሩ በኋላ የተባሉትን ቃል አያስቀሩ፤ ንስሐ አባትዎ ያንኑ አገልጋይ የሚያውቁት ከሆነም ሊያነጋግሩት ይችሉ ይሆናል። የድብደባው ትዝታ እንቅልፍ እስከመንሳት የሚደርስ ከሆነ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ማማከር ከጸሎት ጋር አይጣላም፤ ሁለቱን አብረው ያስኬዷቸው።